ለጎረቤት የተጫነ ማንጎ

ክልላችን ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ የንግድ ቢሮአችን አሶሳ ውስጥ የተከራየነው መኖሪያ ቤት ነበር። ኃላፊያችን ሳሎኑን ያዙ፣ እኛ ባለሙያዎቹ መኝታ ክፍሎቹን ተካፈልን፣ ወጥ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ሆነ። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ሁሉም ነገር እንዲያ ነበር፤ ሥራው ቀድሞ ይደርሳል፣ ወንበሩ ገና መንገድ ላይ ነው። እኔ ባምባሲ ተወልጄ ያደግሁ፣ ኢኮኖሚክስ ተምሬ የተመለስኩ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። በትምህርት ቤት ስለ ዓለም ንግድ ብዙ አንብቤያለሁ፤ የአሶሳ ገበያ ውስጥ ያለው ሳሙና ከየት እንደሚመጣ ግን አላውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ከአዲስ አበባ ስብሰባ ተመልሰው ሳሎን ሰበሰቡን። መምህር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ቆመው ካልሆነ መናገር አይሆንላቸውም።

«የአፍሪካ ጎረቤቶቻችን አንድ የጋራ ገበያ እየመሠረቱ ነው» አሉ። «አገራችንም አለችበት። ቀረጡ ቀስ በቀስ ይነሳል ተብሏል። እያንዳንዱ ክልል ለእነዚህ አገሮች ምን ሊሸጥ እንደሚችል ተጠይቋል። እኛ ምን እንሸጣለን?»

አንዱ ወርቅ አለ፣ ሌላው ቀርከሃ፣ ሦስተኛው ሰሊጥ። እኔ፣ «አሁንስ የምንሸጠው ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ኃላፊው ጠመኔ የያዙ ይመስል ጣታቸውን ቀሰሩብኝና፣ «እንግዲያው ጠይቀሽ ንገሪን» አሉኝ።

ገበያ ወጣሁ። ሰዎች ወደ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሱቅ መሩኝ። ሐጂ ነው የሚሏቸው። የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ አባታቸው በአህያ እየጫኑ ሱዳን ድረስ ይነግዱ ነበር፣ እሳቸውም ያንኑ ንግድ ይዘው ቀጥለዋል። ጥያቄዬን በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«አንተ ኩርሙክ ያውቃል?» አሉኝ። አማርኛ ለሳቸው ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሁሉም ሰው በሳቸው አፍ «አንተ» ነው።

«አላውቅም ሐጂ።»

«ታዲያ እዚህ ቁጭ ብሎ ምን ይጽፋል? ገበያው ቀን ይመጣል፣ አብረን ይሄዳል።»

በገበያው ቀን ፒካፓቸው ላይ ተሳፍሬ ወረድን። ሆሞሻን አልፈን ወደ ቆላው ስንጠጋ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ሆነ። ኩርሙክ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት፤ ከወዲህ የኛ፣ ከወዲያ የሱዳን፣ መሐላቸው ደረቅ የወንዝ መውረጃ። ሴቶች በትከሻቸው ባጋደሙት እንጨት ግራና ቀኝ ቅርጫት አንጠልጥለው ወዲያና ወዲህ ይሻገራሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ ማርና ቡና ወዲያ ይሄዳል፤ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና፣ ሽቶና የላስቲክ ጫማ ወዲህ ይመጣል። በየሱቁ እየገባሁ «ይሄ ከየት ነው? ይሄስ?» ስል ዋልኩ። ሐጂ እየሳቁ ጥያቄዬን በዓረብኛ ያስተላልፉልኝ ነበር።

አንዱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የማንጎ ሥዕል ያለበት ቆርቆሮ አየሁ። ጭማቂ ነው። ከባሕር ማዶ ተነስቶ ሱዳንን አቋርጦ የመጣ ነው፤ አልፎ አልፎም አሶሳ ድረስ ይዘልቃል። ገዛሁና ለሐጂ ሰጠኋቸው። ተጎነጩ፣ አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት።

«ይሄ ማንጎ አይደለም» አሉ። «ማንጎ በሩቅ ያየ ውሃ ነው።»

የአሶሳን ማንጎ የሚያውቅ ይፍረድ። በወቅቱ ከዛፉ ሥር ተነጥፎ ፍየል እንኳን ይሰለቸዋል። «የኛን ለምን አያሻግሩም?» አልኳቸው። «ይበላሻል» አሉኝ። «በመኪና ቶሎ ቢደርስስ?» አልኳቸው። ወደ አሶሳ ስንመለስ፣ ሆሞሻ ላይ «ማንጎ ሲደርስ ያየዋል» አሉ።

ማንጎው ሲደርስ እውነትም አደረጉት። አይሱዙ ተከራዩ፤ ሣር እየጎዘጎዙ ማንጎውን አስጫኑ። እኔም ኃላፊውን አስፈቅጄ ጋቢና ተቀመጥኩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ የጋራ ገበያ የሚባለውን ነገር በዓይኔ ላየው ነው ብዬ።

ኩርሙክ ስንደርስ መሻገሪያው ላይ ገመድ ተወጥሯል።

«ተዘግቷል» አለ ወታደሩ።

«እስከ መቼ?»

«ለእኛም አልተነገረን።»

ወዲያ ማዶ የሆነ ግርግር ተነስቶ ነበር። ያን ቀን ጠበቅን፣ በማግሥቱም ጠበቅን። ከሸራው ሥር የሚወጣው ሽታ ቀድሞ ጣፋጭ ነበር፣ ኋላ ጠላ ጠላ ማለት ጀመረ፣ ዝንቡም መጣ። እኔ በየሰዓቱ ገመዱ ድረስ እየሄድኩ እመለስ ነበር። ሐጂ አዩኝና፣ «ምን ሆነ? ድንበሩን አንተ ዘጋው?» ብለው ቀለዱብኝ። የሳቸውም እጅ ግን መቁጠሪያቸውን እንደ ወትሮው በዝግታ አልነበረም የሚያሽከረክረው።

የሐጂ ታላቅ እህት ኩርሙክ ውስጥ ያገቡ ሴት ናቸው። እኛን ሊያዩ መጥተው አንድ ማንጎ አነሱ፣ ጫን አድርገው ዳበሱት፣ ለወንድማቸው በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ነገሯቸውና ሳቁ።

«ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ባሚያ ከዚህ በምን ይበልጣል? አለ» አሉኝ ሐጂ። በዚያ አገር ባሚያን ከትፎ ማድረቅና ዓመቱን ሙሉ መብላት የታወቀ ነው። ማንጎን ግን የሞከረው አልነበረም። አንዳንዶቹ ሴቶች «ይሄ ውሃ ነው፣ ይተናል እንጂ አይደርቅም» ብለው ተከራከሩ። የሐጂ እህት ግን ቢላዋ አስመጡ።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ስልጥ ዋልኩ፤ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ማንም አውቆት የሚሠራ ስላልነበር ሁሉም በየራሱ መንገድ ሞከረ። አንዷ አወፈረች፣ አንዷ አሳሳች፤ አንዷ ቀርከሃ ምንጣፍ ላይ፣ ሌላዋ የሣር ጣሪያ ላይ አሰጣች። ደመና ባንዣበበ ቁጥር እየተጯጯኽን ምንጣፍ ይዘን ወደ ቤት እንሮጣለን፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ እንመልሳለን። የወፈረው ሻግቶ ተጣለ። ብዙ ማንጎም ቢላዋ ሳይደርስለት መኪናው ላይ ፈሰሰ። ስሱ ግን እንደ ቆዳ ሆኖ ደረቀ፤ ስናኝከው መጀመሪያ ምንም የለውም፣ ቆይቶ ጣፋጩ ይመጣል። የሐጂ እህት አኘኩ፣ ማኘካቸውን ገታ አደረጉ፣ እንደገና ቆረሱ። ሁላችንም ፊታቸውን ነበር የምናየው።

ድንበሩ ሲከፈት ደረቁን ማንጎ በጆንያ ይዘን ተሻገርን። ወዲያ ማዶ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ጠፋ። አንዱ ለበግ ቆዳ ማልፊያ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት አሸተተችው፣ ከሚፈላው ውሃ ውስጥ ጨመረችው፣ ስኳር አከለችበት። ደንበኞቿ አንድ አንድ ብርጭቆ ቀመሱ፣ ሁለተኛም አስቀዱ። ጆንያውን ገዝታ አስቀረችው። ከዚያ ሐጂን በዓረብኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እኔ የሰማሁት «ጀንዘቢል» የሚለውን ብቻ ነው።

«ዝንጅብል አለ ወይ ነው የሚል» አሉኝ። «ቡና ውስጥ ይጨምራል፤ እዚህ ውድ ነው፣ ከሩቅ ይመጣል።»

«ባምባሲ እኮ ሞልቷል! የእናቴ ጓሮ ዝንጅብል ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሐጂ ቆመው አዩኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ እኔም ሆንኩ እሳቸው፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠይቀን አናውቅም ነበር። የነበረንን ጭነን ነው የሄድነው።

ቢሮ ተመልሼ የሆነውን ሁሉ ሳሎን ውስጥ ተረኩ። ኃላፊው ደረቁን ማንጎ እያኘኩ ሰሙኝ። «ስንት ኩንታል ወጣው?» ሲሉ፣ «አልመዘንኩትም» አልኩ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በኋላ ስለ ጋራ ገበያው አዲስ አበባ ስብሰባ ሲጠራ፣ ከነጋዴዎች ወገን ሐጂ እንዲሄዱ አደረጉ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ከየአገሩ የመጡ እንግዶች ነበሩ። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ የአገራችን ኢኮኖሚ ይህን ያህል አድጓል፣ ንግዱ ያን ያህል ይሰፋል። ጥያቄ ሲፈቀድ ሐጂ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ማንጎ አለ፣ ዝንጅብል አለ» አሉ። «እናንተ አገር ሰው ምን ይበላል? ምን ይጠጣል? ምን አጣ?»

አስተርጓሚው ፈገግ አለ፣ ከዚያ ተረጎመው። ከደቡባዊ አፍሪካ የመጡ አንዲት ሴት ማይክሮፎኑን ተቀበሉ። «እኛም አገር ማንጎው ከዛፍ ሥር ይበሰብሳል» አሉ። «በሱቃችን ያለው ጭማቂ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው።» ሐጂ በመገረም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በሌላው የአፍሪካ ጫፍም ከሳቸው ጓሮ ጋር የሚመሳሰል ጓሮ እንዳለ የሰሙት ያን ቀን ነው። በሻይ ዕረፍት ሁለቱ በአስተርጓሚ ሲያወሩ አገኘኋቸው፤ ሴትዮዋ ደግሞ በተራቸው ስለ ቀርከሃ ምንጣፍ እየጠየቁ ነበር።

ሐጂ ከዚያ ወዲህ ማንጎ አልጫኑም። ከባምባሲ ገበሬዎች ደረቅ ዝንጅብል እየገዙ ኩርሙክ ያወርዱ ጀመር፤ ከእናቴም ወሰዱ። ኋላ ላይ ድንበሩ ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ ነቀምቴ ወስደው ለመሸጥ ሞከሩ፤ ያ ገበያ ብዙም አልቀናቸውም፣ ድንበሩ እስኪከፈት ሱቃቸውን ይዘው ቆዩ። ደረቅ ማንጎ የእህታቸውና የኩርሙክ ሴቶች ሥራ ሆኖ ቀረ። በበጋ ውሃ ውስጥ ነክረው ለልጆቻቸው ይሰጣሉ፤ የተረፈውን ሻይ ሻጯ ትወስዳለች። እናቴ ደግሞ ዝንጅብሏን ቡና ውስጥ ይጨምሩታል ብዬ ብነግራት ለብዙ ጊዜ አላመነችኝም። አንድ ቀን ብቻዋን ሞክራ፣ ፊቷን አጨማድዳ፣ «እንዲህ የሚወዱ ከሆነማ ሌላ የዝንጅብል መደብ እጨምራለሁ» አለችኝ።