ሳንጣላ ማይባር ላይ ታረቅን

ባሌ የሚኒባሱን የኋላ ወንበሮች ነቅሎ ግድግዳ ሥር ሲደረድራቸው ሳይ መኪናውን ሊሸጠው ነው ብዬ ነበር። ከመካነ ሰላም አቀስታ፣ ሲቀናው ደግሞ እስከ ደሴ ሰው የሚጭንበት መኪና ነው፤ የምንበላው ከእሱ ነው። ምን እያደረግህ ነው አላልኩትም። እኛ ቤት መጠየቅ ቀርቶ ነበር። በማግስቱ አናጢ አምጥቶ በወንበሮቹ ቦታ የጣውላ አልጋ አስገጠመ፣ ፍራሽ አነጠፈበት፣ ቡታጋዙንና የውሃ ጀሪካኑን በሩ አጠገብ አሰረና «ማይባር ሐይቅ እንሂድ» አለኝ።

«ለምን?»

«ለማየት ነዋ።»

ከዓረብ አገር ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። የሄድኩት ተጋብተን ብዙም ሳንቆይ ነው፤ ቤቱም መኪናውም እኔ በላክሁት የተገኘ ነው። ስመለስ የተቀበለኝ አንድ ጨዋ ሰው ነው። «ደከመሽ?» ይላል፤ «ውሃ ላሙቅልሽ?» ይላል፤ ከዚያ ወጥቶ ይሄዳል። እኔም ጨዋ ሆንኩ። ሁለት ጨዋ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖር ምን ያህል እንደሚያንገሸግሽ ያልደረሰበት አያውቀውም።

ያን ሰሞን ቪዛ እንደገና መጥቶልኝ ነበር። ደላላዋ ደውላ በሳምንቱ መጨረሻ ቁርጡን ንገሪኝ ብላኛለች። ለባሌ ስነግረው «አንቺ ያልሽው ይሁን» አለና ወጥቶ ጎማ ሲቀይር ዋለ። አትሂጂ ቢለኝ እቀር ነበር። እንድቀር የሚፈልግ ሰው ከሌለ ግን ምን አስቀምጦኝ! ይህን አልነገርኩትም። ቅሪ በለኝ ተብሎ ይለመናል እንዴ?

መንገዱ ላይ ገና ከከተማ ሳንወጣ ጀምሮ መንገደኛ እጁን ያነሳልናል። እሱም በልማዱ ፍሬን ይይዝና አልጋው ትዝ ሲለው ጥሎ ያልፋል፤ ሰዉ ከኋላ ይረግመዋል። ለጋምቦ ላይ አንዲት ሴትዮ ሮጣ ደርሳ በሩን ከፈተች። አልጋውን ስታይ ደነገጠች።

«ውይ፣ በሽተኛ ነው የያዛችሁት? ማርያም ትማረው!»

«አሜን» አልኳት። ምን ልበላት? ሽርሽር ነው ብላት መቼ ታምነኛለች። ጉጉፍቱ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ሸፈነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ደሴ ገብተን ዳቦና እንጀራ ገዛንና በፒስታው መንገድ ወደ ማይባር ታጠፍን።

ሐይቁ በተራሮች ተከብቦ የተኛ ነው። ድሮ ምድር እሳት ተፍታ ስትበርድ የቀረ ጉድጓድ ነው ይላሉ። እኔ ያየሁት ጸጥ ያለ ውሃ፣ ዳር ዳሩን ደንገል፣ መሃሉ ላይ ዳክዬ ነው። ያምራል። ባሌ መኪናውን ከውሃው ትንሽ ራቅ አድርጎ ሣር ላይ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

የቆመ መኪና ደግሞ እኛ አገር የተበላሸ መኪና ማለት ነው። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ገመድ ይዞ መጣ፣ ሌላው ለመግፋት እጅጌውን ሰበሰበ።

«አልተበላሸም። ሐይቁን ልናይ ነው የመጣነው» አለ ባሌ።

«ካያችሁት በኋላስ?» አሉ ጥምጣም ያሰሩ አንድ ሽማግሌ።

«እዚሁ መኪናው ውስጥ እናድራለን።»

«ያ ረቢ! ሰው ባለበት አገር? የኔ ቤት እያለ?»

እንቢ አልን። አመስግነን ነው እንቢ ያልነው፤ ቢሆንም ሽማግሌው ቅር ብሏቸው እየደጋገሙ ዞረው እያዩን ሄዱ።

ማታ ባሌ «እኔ አንኮራፋለሁ፣ እንቅልፍ አነሳሻለሁ» ብሎ የፊት ወንበር ላይ ተኛ። እሱ ራሱ ያሠራው አልጋ ላይ ብቻዬን ተጋደምኩ። ተናደድኩ። ጠዋት እሱ በራሱ ኩባያ ሻይ አፍልቶ ከመኪናው በስተቀኝ ቆሞ ጠጣ፤ እኔ በራሴ ኩባያ አፍልቼ በስተግራ ቆሜ ጠጣሁ። ክፋት አይደለም። እሱ ለዓመታት እንደ ወንደላጤ ኖሯል፣ እኔ የሰው ወጥ ቤት ጥግ ቆሜ መብላት ለምጃለሁ። አብሮ መብላት ጠፍቶብን ነበር።

ከዚያ ተራራውን ወጣን። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። ድንጋይ የበዛበት ቦታ ሲደርስ ዞር ብሎ እጁን ይዘረጋና፣ እጄን ሳልሰጠው መልሶ ይሰበስበዋል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ከሥራችን ታየ። ትንፋሼ እስኪመለስ ተቀመጥኩ።

«ጥሩ ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ይኸው ነው ጨዋታችን። እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ ቆረጥኩ፤ ስንመለስ ለደላላዋ እሺ እላታለሁ። እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት።

ከሰዓት በኋላ ከተራራው ወርደን የምስር ወጥ ጥጄ እያማሰልኩ ሳለ የትናንቱ ሽማግሌ መጡ። ባለቤታቸውንም አስከትለዋል። ፊት ለፊታችን ቆሙና ዘንጋቸውን ተደገፉ።

«ልጆቼ፣ ከትናንት ጀምሮ አይተናችኋል» አሉ። «እሱ የፊት ወንበር ላይ አደረ። ሻይ ለየብቻ ተጠጣ። መንገዱንም አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ። የተጣላ ሰው ደጃችን ድረስ መጥቶ ሳይታረቅ ቢሄድ ነውሩ የኛ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ኧረ አባባ፣ እኛ አልተጣላንም!»

«ተጣልቻለሁ ብሎ የሚያምን ደግሞ መቼ አለ» አሉ ሴትዮዋ።

ሳቄ ወደ ንዴት ዞረ። ምን ጥልቅ አደረጋቸው! ግን በትልቅ ሰው ላይ አፍ አይከፈትም። «በሉ ቁጭ በሉ፣ ምሳ ደርሷል» አልኳቸው።

«እሺ ሳትሉን አንቀመጥም። እህልም አንቀምስም» አሉ ሽማግሌው። የምራቸውን ነው፤ ለሽምግልና የመጣ ሰው እንዲህ ነው። ወደ ባሌ ዞሩ። «አንተ ተናገር። ምን አደረገችህ?»

«ምንም።»

«ምንም ካላደረገችህ ለምን ወንበር ላይ ታድራለህ?»

ባሌ የመኪናውን በር ያዘ። ወጡ ይንተከተካል። እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየ፣ «ልትሄድ ነው» አለ።

«ወዴት?»

«ዓረብ አገር። ተመልሳ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምን አፍ አለኝ አባባ? የምነዳው በሷ ላብ የተገዛ፣ የምተኛበት ቤት በሷ ላብ የተሠራ። አትሂጂ ብላት ምን መብት አለህ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? እንዳልለምዳት ብዬ ነው የምሸሻት። ለምጃት ከሄደች አልችለውም።»

በሩን እንደያዘ ቀጠለ።

«ያኔ እዚያ ሳለች በስልክ ነግራኝ ነበር። አሠሪዎቿ አልጋ ያለው መኪና አላቸው። በረሃ ይወስዷትና እነሱ ውስጥ ይተኛሉ፣ እሷ ደጅ ታበስላለች። አንድ ቀን ባለቤት ሆኜ በተኛሁበት አለችኝ። ሳትሄድ ትተኛበት ብዬ ነው ያሠራሁት።»

እኔ ረስቼው ነበር። ስንት ዓመት ያለፈው ወሬ ነው፤ ማልቀስ የያዘኝ ቀን ያልኩት ይሆናል። ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩም። ለቅሶዬ ደስታም ንዴትም ነበረው። ይህን ሁሉ ወር አፉን ዘግቶ!

«አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉ ሴትዮዋ ትከሻዬን እየዳበሱ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«የነገረው ለእርስዎ ነው» አልኳቸው። «ለኔ አልነገረኝም። ለኔ ይንገረኝ።»

ባሌ በሩን ለቀቀና ወደኔ ዞረ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

«አትሂጂ» አለኝ። አንድ እርምጃ ቀርቦ እንደገና አለው፤ «አትሂጂብኝ።»

ተነስቼ ሳህን ፈለግኩ። የያዝነው ሁለት ሳህን ብቻ ነው። የድስቱን ክዳን ገልብጬ እንጀራ አነጠፍኩበት፣ ወጡን ምንም ሳላስቀር ለአራታችን ባንድ ላይ ገለበጥኩትና ሣሩ ላይ አቀረብኩት።

«ይቀመጡ አባባ» አልኩ። «ይብሉ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዘንጋቸውን መሬት ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ሴትዮዋም እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ባሌ ብቻ እንደቆመ ቀረ። አንዴ ምግቡን፣ አንዴ እኔን ያያል።

«ምን ቆመህ ታያለህ፣ ና ተቀመጥ እንጂ» አሉት ሽማግሌው። «ሚስትህ ቀርታልሃለች።»