ባዶ ያልኩት ወረፋ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር፣ ሥራውን ያስተማሩኝ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ሕንፃዎቹን የሚያገናኙት ስዊቾች በየሰከንዱ «አለሁ» የሚባባሉባቸው ትንንሽ መልእክቶች አሏቸው፤ የቁጥጥር ፓኬት ይባላሉ። ጋሼ ገመዱ በሚሰካበት በየፖርቱ ለእነዚህ ብቻ የተለየ ወረፋ ከፍተው፣ ከመስመሩም ድርሻ ቆርጠው አስቀምጠውላቸው ነበር።

«ይሄ ወረፋ ሁልጊዜ ባዶ ነው እኮ ጋሼ፤ ድርሻውን ለተማሪዎቹ ብንለቀውስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ባዶ የሚመስልሽ መልእክቶቹ ሳይጠብቁ ስለሚያልፉ ነው። አትንኪው።»

ጡረታ ወጥተው ደብረ ኤልያስ ቤታቸው በገቡ በሳምንቱ ነካሁት። ወረፋውን አጥፍቼ ሁሉንም በአንድ አሰለፍኩ። ሁለት ቀን ኔትወርኩ ፈጠነ፤ ተመሰገንኩ። በሦስተኛው ቀን ተማሪዎች ለምዝገባ ሲጎርፉ መስመሩ ሞላ። «አለሁ» የሚሉት መልእክቶች ተማሪዎቹ ከሚያዩት ቪዲዮ ኋላ ተሰልፈው ቀሩ። አንዱ ስዊች የሌላውን ድምፅ ሲያጣ ሞቷል ብሎ መስመሩን ዘጋው። ምዝገባው ተቋረጠ፤ ከየወረዳው የመጡት ልጆች ግቢው ሣር ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

በስብሰባ ላይ ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሮ «የሽማግሌው አሠራር ነው ጉድ የሠራን፣ አይደል?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ጥፋቱ በጋሼ ስም ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያየኝ ወረፋውን እንደነበረ መለስኩት፤ መስመሩ ዳግመኛ አልወደቀም።

ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ክረምቱ አለፈ። በመስከረም ማረፋቸውን ሰማሁ።

ለቅሶ ስደርስ ከሰው ጋር ተቀምጬ ተመለስኩ። በአርባቸው ዕለት ግን ባለቤታቸውን ከሰው ለይቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። እያዩኝ አዳመጡኝ።

«ያውቅ ነበር» አሉ። «የጡረታ ወረቀቱን ሊጨርስ ማርቆስ የሄደ ቀን ጥፋቱ በስሙ እንደተጻፈ ሰዎች ነገሩት። ‹ወረፋዬን ነክታው ነው› አለኝ። ታዲያ ለምን አልተናገርህም ብዬ ብጠይቀው፣ ‹እሷው መጥታ ትንገረኝ› አለ። መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በሩ ያይ ነበር፣ ልጄ።»

ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ስጠይቅ ኃላፊው «ለሞተ ሰው ምን ይረባዋል?» አለኝ። ያደረግኩትን በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ ከመዝገቡ ጋር አያያዝኩት።

አሁንም ስዊቾቹ ፊት ስቀመጥ ከኋላዬ የሚጠብቅ ሰው ያለ ይመስለኛል። ዞር እላለሁ። መናኸሪያው ጋ ደግሞ የደብረ ኤልያስ መኪና ረዳት ሲጣራ ስሰማ፣ ቀና ብዬ ማየት አልችልም።