የባይ ራቾ አራት ቡሎኖች

ባይ ራቾ ነገር እየረሳ መሆኑን መቼ ነው ያወቀው? ስለ እሱ ሳስብ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ መልሱን ግን አላውቀውም። ሚስቱ ዶንካ “ካለፈው ክረምት ጀምሮ” ትላለች። ልጁ ዝላቲና “እኔ ሳላይ እሱ አይቶታል” ትላለች። እሱ ራሱ ሲጠየቅ ትከሻውን ሰብቆ “ረሳሁት” ይላል፤ ቀልድ ይሁን እውነት ፊቱ ላይ አይነበብም።

የምንኖረው ጋብሮቮ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እነሱ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔና አባቴ ከእነሱ በላይ። ባይ ራቾ፣ ‘ባይ’ የምንለው በዕድሜ ስለሚበልጠን ነው፣ በከተማው የአውቶቡስ ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሥራው ፍሬን ብቻ ነበር። ሞተር የሚሠሩት ስማቸው ይጠራል፣ ቢራ ይጋበዛሉ። ፍሬን የሚሠራን ሰው ግን ማንም አያስታውሰውም፤ ስሙ የሚነሳው አንድ ቀን የተሳሳተ እንደሆነ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የባይ ራቾ ስም ተነስቶ አያውቅም። ይህን ሲናገር ደረቱ ይነፋል።

በጋራዡ አንድ ደንብ ነበር። አንዱ ሰው ቡሎኑን ያጠብቃል፤ ሌላው በራሱ የቡሎን ቁልፍ ሞክሮ ጫፉን ቢጫ ቀለም ያስነካዋል። ያጠበቀው ሰው ራሱ ቀለም መቀባት አይፈቀድለትም። ባይ ራቾ ጡረታ ሲወጣ ደንቡን ይዞት ወደ ቤት መጣ፣ ግን ግማሹን ነው። ሁለተኛ ሰው ስለሌለው ራሱ ያጠብቃል፣ ራሱ ይቀባል፤ በዶንካ ቀይ የጥፍር ቀለም። “ከእኔ ይልቅ መኪናው ነው የሚሽቀረቀረው” ትላለች ዶንካ።

በገና በዓል ሰሞን ከዳቦ ቤት ሲመለስ መንገድ ጠፍቶት ሁለት ሰዓት ከተማው ውስጥ ሲዞር ቆየ። ዝላቲና ያኔ “አባዬ፣ የመኪናውን ቁልፍ ለእማዬ ብትሰጣት” አለችው። ሁለት ሳምንት አኮረፋት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ማንም አላነሳውም፤ ሁለቱም ግን አልረሱትም።

ዝላቲና የምትኖረው ከተራራው ወዲያ፣ ካዛንላክ ነው። ወደዚያ የሚያሻግረው የሺፕካ መንገድ ወጥቶ ወጥቶ እንደገና ቁልቁል ይጠማዘዛል። በግንቦት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ የሦስት ዓመት ልጇን ከኋላ ወንበር አስራ መጣች። ወደ ግቢው ስትታጠፍ ከኋላ ጎማዋ የሚወጣውን ፉጨት ሁላችንም ሰማን። ባይ ራቾ በረንዳው ላይ ነበር።

“የፍሬኑ ሸራ አልቋል!” አለ፣ ገና ከመኪናው ሳትወርድ።

“ደህና ነኝ አባዬ፣ አንተስ እንዴት ነህ?” አለችው። “ሰኞ ጋራዥ አስገባዋለሁ።”

“የትኛው ጋራዥ? ያ ኮምፒውተር ሳያማክር ቡሎን የማይፈታው ልጅ ጋ? በዚህ ፍሬን ሺፕካን አትወርጂም። ነገ ጠዋት እኔ እሠራዋለሁ።”

ዝላቲና እናቷን አየች፤ እናቷ መሬት አየች። እምቢ ማለት የገናውን ነገር እንደገና መክፈት ነበር። “እሺ” አለች።

እሁድ ጠዋት ባይ ራቾ ማርሽ አስገብቶ የፊት ጎማዎቹ ሥር ጡብ ወሸቀ፤ የኋላ ፍሬን ሲሠራ የእጅ ፍሬን ተይዞ አይሆንም። በክሪክ አነሳና የግራውን ጎማ ፈታ። ከአንደኛ ፎቅ ጌንቾ ወርዶ የቢራ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ጌንቾ ከሽመና ፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ የሰው ሥራ ማየት የሚወድ ሰው ነው።

“ባይ ራቾ፣ አሮጌዎቹን ሸራዎች እንዳትጥላቸው። ለጫማህ ሶል ይሆናሉ።”

“ለምላስህ ነው የማስቀምጣቸው። ፍሬን የሌለው እሱ ነው።”

የኋላ ፍሬን የፊቱን ብቻ የሚያውቅን ሰው ያሳስታል። ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ተገፍቶ አይመለስም፤ እየተጫኑ እንደ ክዳን ማዞር ያስፈልጋል።

“መዶሻ ላምጣልህ?” አለ ጌንቾ።

“አምጣና ራስህን ምታበት።”

ባይ ራቾ ከአሮጌ ቁልፍ ራሱ የሠራት ባለ ሁለት ጥርስ መሣሪያ አለችው። እሷን ፒስተኑ ላይ አስገብቶ አዞረው፤ ዓይኑ ሌላ ቦታ እያየ። ቅዳሜውኑ የገዛቸውን አዲስ ሸራዎች ከተተ፣ አቃፊውን ብረት መለሰ፣ ሁለቱን ቡሎኖች አጠበቀ፣ ቀባ። ከእነዚያ እጆች ምንም ነገር የጠፋ አይመስልም ነበር።

በቀኙ ጎማ፣ የላይኛውን ቡሎን አጥብቆ የታችኛውን በጣቱ እያስገባ ሳለ ጌንቾ ጠየቀው። “የጋራዣችሁ ኃላፊ፣ ያ ጢማሙ፣ ማን ነበር ስሙ?”

ባይ ራቾ ቁልፉን ይዞ ቆመ። አሥራ አራት ዓመት ያዘዘው ሰው ነው። ጌንቾ ወዲያው ሌላ ወሬ ጀመረ፤ እሱ ግን ስሙን ፍለጋ ሄዶ ነበር። ከቆይታ በኋላ ሣቅ አለ፣ ጎንበስ ብሎ የጥፍር ቀለሙን ብልቃጥ አነሳ።

ሲጨርስ ፔዳሉ ጥንክር እስኪል ደጋግሞ ረገጠው፣ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረበት። ፉጨት የለም፣ መጎተት የለም። ምሳ ላይ ማንኪያውን እንደያዘ “ቶንቾ! ቶንቾ ነበር የሚባለው!” ብሎ ጮኸ። የልጅ ልጁ በደስታ አጨበጨበለት።

ዝላቲና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስትነሳ አባቷን አቅፋ “እጅህ አሁንም ያው ነው” አለችው። ይህን ቃል ከገና ጀምሮ ሲጠብቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ዶንካ ናት። ባይ ራቾ ኩሽና ገብቶ እጁን መታጠብ ጀመረ፤ ውኃው እየፈሰሰ ቆሞ ቀረ።

“ሦስቱን አስታውሳለሁ” አለ።

“የምን ሦስት?”

“ቡሎን ሲጠብቅ እጄ ‘በቃ’ ይለኛል። ዛሬ ሦስት ጊዜ ብሎኛል። አራተኛውን አላስታውስም።”

“ስትቀባው አይቼሃለሁ፣ ከበረንዳው።”

“መቀባቱንማ እኔም አስታውሳለሁ።”

ተቀመጠ። ቢደውልና ቡሎኑ ጠብቆ ቢገኝ፣ ለልጁ የሚተርፋት አባቷ ራሱን ማመን ማቆሙን ማወቅ ብቻ ነው፤ የመኪናው ቁልፍ በዚያው ይሄዳል። ዝም ካለ ግን ያ ቡሎን ከልጁና ከልጅ ልጁ ጋር ሺፕካን ይወርዳል። ዶንካ እንደምትለው፣ የተቀመጠው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ስልኩን አነሳ። አላነሳችም። እንደገና ደወለ።

“የት ነሽ?”

“ዳገቱ ሥር፣ ማደያው ጋ። ልጁ ሽንቱ መጥቶበት…”

“አትንቀሳቀሺ።”

“ምን ሆንክ አባዬ? እማዬ ደህና ናት?”

“ደህና ናት። የቀኙን የኋላ ጎማ ፍቺ። የታችኛውን ቡሎን ማጥበቄን አላስታውስም።”

ጎማ መፍታት ያስተማራት ገና በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ክሪኩን አወጣች፣ አነሳች፣ ፈታች። ስልኩ መሬት ላይ ክፍት ነበር።

“ሁለቱም ቀይ አለባቸው አባዬ። አጥብቀህ ቀብተሃቸዋል። ልሂድ?”

“ቀለሙን ተይው። ፖርቶ ባጋልዮው ውስጥ ካኖርኩልሽ ቦርሳ አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አውጪና አስገቢበት።”

አስገብታ ሞከረችው። “ዞረ” አለች።

“በጉልበት?”

“በጣቴ፣ አባዬ።”

ባይ ራቾ በጋራዡ ድምፁ፣ በማያወላውለው፣ እንዴት እንደምታጠብቅ ነገራት። የግራውንም አስፈታትና አስሞከራት። የግራዎቹ ጥብቅ ነበሩ። ሁሉም ሲያልቅ ዝላቲና ትንፋሿን ሰብስባ “ረቡዕ እመጣለሁ። አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን” አለችው። ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር።

“ረቡዕ ጥሩ ነው” አላት። “የመኪናዬን ቁልፍ ለእናትሽ ሰጥቻታለሁ።”

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን “ቤት ገባን” ብላ ደወለች። ዶንካ አሁን ጋደም ይላል ብላ ትራሱን አስተካከለች። እሱ ግን ጃኬቱን ለበሰ።

በራችንን ሲያንኳኳ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ ከኋላዬ መጣ።

“ባለፈው ወር የሠራሁላችሁ ፍሬን አይታመንም” አለ ባይ ራቾ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም። “የመኪናውን ቁልፍ ስጡኝ። አይ፣ ለእኔ አይደለም። ለጌንቾ ስጡት።”

“ኧረ ባይ ራቾ፣ አንድ ወር ነዳሁት እኮ! ምን ሆነ?”

“እስካሁን ምንም” አለ።

ከፀደይ ወዲህ በሕንፃችን የሠራው ሦስት መኪና ነው፤ የእኛን፣ የጌንቾን፣ የአራተኛ ፎቋን የመምህርት ራይናን። በየበሩ ሄዶ ያንኑ ቃል ተናገረ፤ ቀንሶም አስውቦም አልተናገረውም። መምህርት ራይና “እስቲ ቁጭ ይበሉ፣ ውኃ ላምጣልዎ” ስትለው ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተነሳ ስሙን በየደጁ ራሱ አነሳው።

ጌንቾ መሬት ላይ ተጋድሞ ቁልፉን ይዞ ሠራ። ባይ ራቾ ባትሪ አበራለት፣ ቦታውን አሳየው፤ ቁልፍ ግን አልነካም። ጌንቾ እያንዳንዱን ሲሞክር ጮክ ብሎ “ጥብቅ ነው!” ይላል። ያን ምሽት አልተረበም፤ አንዴ ብቻ “መብራቱን ቡሎኑ ላይ እንጂ ዓይኔ ላይ አታድርገው” ቢል ባይ ራቾ “ከሁለቱ የላላውን ፈልጌ ነው” አለው። እኔም አባቴም በመስኮት ሰምተን ሣቅን።

አሥራ ሁለቱም ጥብቅ ነበሩ። ጌንቾ ሱሪውን እያራገፈ “አየህ? ከአሥራ ስድስት አንድ ነው የሳትከው” አለው።

“ለፍሬን ብዙ ነው” አለ ባይ ራቾ።

ከዚያ ቤቱ ገባ። ዶንካ እንደምትለው እራት አልበላም፤ አንድ መለኪያ የፕለም አረቄ ቀድታለት ግማሹን ተወው። ተኛ፣ ተነሳ፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ የቆሙትን መኪኖች አየ፣ ተመልሶ ተኛ። ስለ ረቡዕ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ሐኪሙ ጋ አብራው ትገባ እንደሆነ። “እገባለሁ” አለችው። እጁን ጉንጩ ሥር አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እንቅልፍ የወሰደውም ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።