«በሞቴ» ተብዬ የለበስኩት ላይፍ ጃኬት

ዛሬ የጎረቤቴን የእትዬ ዘነበችን ላይፍ ጃኬት ለብሼ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዋልኩ።

ከላፍቶ ከዕድራችን ጋር ለሽርሽር ሄደን ነው። ጀልባዋ የቆሻሻ መጣያ እንኳ አላት፤ ጃኬቱ ግን በአንድ ጎደለ። (መዋኘት የሚችል ደግሞ ከመሀላችን የለም።)

የመጨረሻው የደረሳቸው እትዬ ነበሩ። ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ኧረ እርስዎ ይልበሱ» አልኩ፣ ለወጉ ያህል።

«በሞቴ፣ ልበሺው።»

እንደ ጉርሻ ተቀበልኳቸው።

መሀል ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነስቶ ጀልባዋን ይንጣት ጀመር። እትዬ ነጠላቸውን ጨበጡ። «በሞቴ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ገብቶኝም አላወለቅኩትም።

ስንወርድ «አምሮብሻል» አሉኝ።

እናንተስ፣ «በሞቴ» ተብላችሁ መቀበል ያልነበረባችሁን ነገር ተቀብላችሁ ታውቃላችሁ?