ሰው የሌለበት ሥዕል

ባለፈው ሳምንት ደባርቅ አዲስ በተከፈተ ሆቴል ምሳ ስበላ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ አየሁ። ሰው የለበት፣ ቤት የለበት፤ ቀለም ብቻ። አስተናጋጇ ዓይኔን ተከትላ፣ "ሁሉም ሰው ተገልብጦ የተሰቀለ ይመስለዋል" አለችኝ። እኔ ግን እህቴን ውበትን አስታወስኩ።

ውበት አዲስ አበባ ሥዕል ትማር ነበር። ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤት የመጣች ጊዜ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። እናታችን ካረፈች ጥቂት ዓመት ሆኗታል። አባታችን መሪጌታ ነበሩና፣ ለደብሩ ሰው ሁሉ "ልጄ እመቤታችንን ትሥልልናለች" ብለው አውርተዋል። እሷ እሺም እምቢም ሳትል ጓዳ ገብታ ሥራዋን ጀመረች። ዝናቡ አያባራም፤ ደጁ ጭቃ ነው፤ ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። የፍልሰታ ጾም ስለነበር የገብስ ቆሎ እየቆረጠመች ስትሥል ትውላለች። እኔን እንኳ አታስገባም።

ጾሙ በተፈታ ማግስት አባየ ሁለት ቄሶችና ጎረቤቶችን ጠሩ። ጠላ ተቀዳ። ውበት ጨርቁን ገለጠችው።

ከታች እንደ ቆላ ሣር የደረቀ ቢጫ፣ ከላይ ጉም የመሰለ ግራጫ። በመሀሉ አንድ ቀይ መስመር እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ሥሩ ላይ ወፍራም ነው፣ በየመታጠፊያው እየቀጠነ ሄዶ ግራጫው ውስጥ ይጠፋል። ግራና ቀኙን ሹል ጥቋቁር ቅርጾች መስመሩ ላይ ሊወድቁ ያዘነበሉ ይመስላሉ።

"ልጄ፣ እመቤታችን የታለች?" አሉ ሽማግሌው ቄስ፣ ቀስ ብለው።

"እዚህ ላይ የለችም፣ አባ።"

አባየ አንገታቸውን ደፉ። እንግዶቹ ጠላቸውን ጨርሰው፣ መርቀው ወጡ።

"በደብሩ ፊት አሳፈርሽኝ" አሏት አባየ። "ትምህርቱ ይኸ ከሆነ እዚሁ ቅሪ።"

ውበት ድምጿን ሳታነሳ፣ "እማየን ይዘን ሊማሊሞን ስንወጣ ነው" አለች።

እናታችን ዘመድ ልትጠይቅ ቆላ ወርዳ፣ እዚያው ታማ፣ አባየና ውበት በጭነት መኪና ሲያመጧት ደባርቅ ሳትደርስ ነው ያረፈችው። እኔ ቤት ነበርኩ። ስለዚያ መንገድ ሁለቱም አንድ ቃል ነግረውኝ አያውቁም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

አባየ ተነስተው ሥዕሉን ቀርበው አዩት።

"አጠገብሽ ነበርኩ" አሉ። "ይኸን አላየሁም። እኔ ፊቷን ነበር የማየው።"

"እኔ ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው መንገዱን ያየሁት።"

ከዚያ ተቀምጠው እየተቀባበሉ ነገሩኝ፤ ሾፌሩ በየመታጠፊያው ቀስ ማለቱን፣ እማየ ውሃ መጠየቋን፣ የእኔን ስም መጥራቷን። እስኪመሽ አወራን።

አባየ እስኪያርፉ ድረስ ሥዕሉን አልወደዱትም። የውበት የክረምት ዕረፍት ሲያልቅ ግን ሻንጣዋን ራሳቸው ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ ሸኟት።

ውበት ዛሬ የሥዕል መምህርት ናት። እኔ ስለ ሥዕል አሁንም ብዙ አላውቅም። ለሥራ ሊማሊሞን በሚኒባስ ስወጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በመስኮቱ ምን እያየ ይሆን እያልኩ ዞር እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ተኝቷል።