ጋሽ ሸምሱ ያላበላሹት ፊልም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ስጨርስ «ሌላስ የለም?» ሲሉኝ፣ «የለም አባ» ብዬ መስቀላቸውን ስሜ የተነሳሁት ስንት ጊዜ ነው! ረስቼው ነው? ኧረ ወዲያ! ስድስት ዓመት ሙሉ አብሮኝ ይውላል፣ አብሮኝ ያድራል። ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያሳበብኩት በሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ምን እንዳደረገ ስታስቡት እስከ ዛሬ ድረስ አፌን ይዤ የምቀርበት ምክንያት ይገባችኋል።

ነገሩ የጀመረው ካሜራ ስመርጥ ነው። እንደኔ ላለች ሴት ካሜራ ምን ያደርግላታል? የምሠራው ኮልፌ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሐኪም የሞነጫጨረውን ወረቀት ስፈታ እውላለሁ። ፎቶ ካማረኝ ስልኬ አለልኝ። ግን አንድ ሰሞን በፊልም የተነሱ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አየሁና ልቤ ሸፈተ። የፊልም ካሜራ ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው፤ ቤተሰቤ ሁሉ ያውቀኛል።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የላከኝ ወደ ጋሽ ሸምሱ ነው። ጋሽ ሸምሱ ከጦር ኃይሎች ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ፎቶ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ድሮ የሰፈሩን ሙሽራ፣ የሰፈሩን ክርስትና፣ የሰፈሩን ሐጂ ሁሉ ያነሱት እሳቸው ናቸው። እኔ ስደርስባቸው የፊተኛው ክፍል የስልክ መሸፈኛና ቻርጀር መሸጫ ሆኗል፤ ልጃቸው ናት የምትሠራበት። ከኋላ ግን ጨለማ ክፍላቸው እንዳለ ነበር። ፊልም የሚያጥቡት፣ ያረጀ የቤተሰብ ፎቶ የሚያድሱት እዚያ ነው።

ሁለት ካሜራ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው አስመረጡኝ። አንደኛው ከበድ ያለና አናቱ ጉብ ያለ ነው። «ይሄ የሚያሳይሽ በራሱ በሌንሱ በኩል ነው። ሌንሱ ያላየውን አንቺም አታይም። ለጀማሪ ጥሩ ነው» አሉኝ። ሁለተኛዋ ሬንጅፋይንደር የሚሏት ዓይነት ናት። ጠፍጠፍ ያለች፣ ቀለል ያለች፣ ጥግ ላይ ለብቻዋ ትንሽ መስኮት ያላት። «ይቺ ቆንጆ ናት» አሉ፤ «ግን አንቺ የምታይው በመስኮቷ ነው፣ ሌንሱ የሚያየው ለብቻው ነው። የሌንሱን ክዳን ሳትከፍቺ ፎቶ ብታነሺ እንኳ አትነግርሽም። አሁን አትያዢያት፣ ልጄ፤ ትንሽ ከለመድሽ በኋላ።»

ሰማኋቸው? ጆሮዬማ ሰምቷል። ዓይኔ ግን መስኮቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከበሩ ማዶ ፌርማታው ላይ የቆመ ሰውዬ ላይ አነጣጠርኩ። ሰውዬው ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ አንዱ ጥርት ያለ፣ አንዱ ደብዛዛ ጥላ መሳይ። «ቀለበቱን ቀስ እያልሽ አዙሪው» አሉኝ። አዞርኩት። ጥላው ወደ ሰውዬው ተጠጋ፣ ተጠጋ፣ ገባበትና አንድ ሰው ሆነ። «ወይ ጉድ!» ብዬ ስጮህ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ደንግጣ ከፊተኛው ክፍል መጣች። እናንተዬ፣ ሰው ወደ ራሱ ሲመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ሰውነቴን ወረረኝ።

«ይቺን!» አልኩ።

«ልጄ፣ እኔ...»

«ጋሽ ሸምሱ፣ በቃ ይቺን!»

ሳቁና በጨርቁ ጠቅልለው ሰጡኝ። የመጀመሪያዋን ፊልምም ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው። ፊልም ሲታጠብ ምን እንደሚመስልም አሳዩኝ። በጠርዙ በኩል የሚወጡትን ትናንሽ ቁጥሮች እያሳዩ፣ «እነዚህ ከፋብሪካ ነው የሚመጡት። አጣቢው ካበላሸ እነሱም አይወጡም» አሉኝ። ይህንንም ሰምቻለሁ። ይህንንማ በደንብ ነው የሰማሁት።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። እየሸሸሁ ነው መሰለኝ።

እትዬ የሺ ጎረቤቴ ናቸው፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ትውልዳቸው ጎጃም ነው። ከታላቅ ወንድማቸው ከአቶ አለምነው ጋር በአባታቸው መሬት ተካሰው ሃያ ዓመት አልተነጋገሩም። ሰፈር ውስጥ ስለ ወንድማቸው የሚያነሳ ሰው አልነበረም፤ ያነሳ ሰው ቡናቸውን አይቀምስም። ታዲያ አቶ አለምነው በጠና ታመው ዘነበወርቅ ሆስፒታል ለሕክምና መጡ ተባለ። እትዬ የሺ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምሱ ቆዩና ሽማግሌ ላኩ። «ፍርድ ቤት የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበለኝ» ብለው። ሃያ ዓመት ሙሉ እሳቸው ተበዳይ መስለውን ነበር!

የእርቁ ዕለት ጠዋት በሬን አንኳኩ። «ያቺን ካሜራሽን ይዘሽልኝ ነይ። ከወንድምዓለሜ ጋር አብረን የተነሳነው አንድም ፎቶ የለኝም። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድም» አሉኝ። እንዴት ኩራት ተሰማኝ! አዲስ ፊልም አስገባሁና ሄድኩ።

አቶ አለምነው፣ ሽማግሌዎቹ እትዬ የሺ ቤት አምጥተዋቸው፣ ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ብቻቸውን መነሳት አይችሉም ተብሏል። እትዬ የሺ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው፣ እንደ አገራቸው ደንብ አጎንብሰው ከበሩ ገቡ። ለይምሰል የተያዘ ጠጠር እንዳይመስላችሁ፤ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ነው። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ካሜራዋን ዓይኔ ላይ አደረግኩ። በመስኮቷ አቶ አለምነው ሁለት ሆነው ታዩኝ፤ ቀለበቱን አዞርኩ፤ አንድ ሆኑ። በዚያው ቅጽበት ሰውዬው ተነሱ። ማንም አልደገፋቸውም። ሦስት እርምጃ ሄደው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከእህታቸው አንገት ላይ አነሱና «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እህትዓለም» አሉ።

ቤቱ በልቅሶ ተናወጠ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ እያለቀስኩ አነሳሁ፣ እያለቀስኩ አነሳሁ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ አነሳሁ። የእትዬ የሺ ልጅ ሰናይት ስልኳን ስታወጣ ዓይኔን አፈጠጥኩባት። «አስቀምጪው! እኔ በፊልም እያነሳሁ ስልክ ምን ይሠራልሻል?» አልኳት። ልጅቷ ደንግጣ አስቀመጠችው። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ቤቴ ተመልሼ ካሜራዋን ቦርሳ ውስጥ ልከት ስል ክዳኑ ሌንሱ ላይ አለ። ቆምኩ። መቼ ነው መልሼ የገጠምኩት? ለነገሩ ጥቁር ክዳን በጥቁር ሌንስ ላይ ነው፤ በዚያ ሁሉ እንባ መሐል ማን ልብ ይለዋል? «ሳለቅስ ገጥሜው ይሆናላ» አልኩ። አመንኩ? አላመንኩም። ያመንኩ መስዬ ፊልሙን ለጋሽ ሸምሱ ወሰድኩላቸው።

ሁለት ቀን ቆይቼ ስሄድ ጋሽ ሸምሱ ፊልሙን በገመድ ላይ ሰቅለው ጠበቁኝ። ከላይ እስከ ታች ጥርት ያለ ባዶ ነው። አንድ ሰው የለበትም። በጠርዙ ላይ ግን እነዚያ ቁጥሮች፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ ስድስት፣ አንድም ሳይጎድል ጥቁር ሆነው ወጥተዋል። እሳቸው ቁጥሮቹን አዩ። እኔም አየሁ። ከዚያ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለችውን ካሜራ አዩ። «የማን ነበር ልጄ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የእትዬ የሺንና የወንድማቸውን ነገር ነገርኳቸው። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔም ፊልሙን ጠቅልዬ ወጣሁ።

እትዬ የሺ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «ወጣ?» አሉኝ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ነው። ያን ጊዜ «ክዳኑን ሳልከፍት ቀርቼ ነው» ብል ምን ይሆን ነበር? ይቆጡኝ ነበር። ያለቅሱ ነበር። አቶ አለምነው ገና በሕይወት ነበሩ፣ ሰናይት በስልኳም ቢሆን ጎን ለጎን ታነሳቸው ነበር። ይህን ሁሉ አሁን ነው የማስበው። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነው። «ጋሽ ሸምሱ አበላሹት» አልኩ። «አርጅተዋል፤ የማጠቢያውን መድኃኒት በትክክል ሳይለኩ ቀርተው ነው መሰለኝ። በሌላ ቀን አሳምሬ አነሳችኋለሁ።» አፌን አልያዘኝም። ምላሴ አልተሳሰረም።

ሌላ ቀን አልመጣም። በሳምንቱ አቶ አለምነው እህታቸው ቤት አረፉ።

ድንኳኑ ውስጥ ለልቅሶው የወጣው ፎቶ ከመታወቂያ ላይ ተነስቶ የተተለቀ ጉርድ ፎቶ ነበር። ዓይናቸው ፈጥጧል፣ ግማሽ ግንባራቸው ላይ ማህተም አርፎበታል። እትዬ የሺ ያንን ደረታቸው ላይ ይዘው «ወንድምዓለሜ፣ ይሄ መልክህ ነው ወይ? ድንጋዬን ያነሳህበት መልክህ የት ደረሰ?» እያሉ ሲያለቅሱ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አብሬያቸው አለቀስኩ ብላችሁስ! እንባ ሳይቀር ነበረኝ።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ሸምሱ መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በድንኳኑ መሐል አልፈው እትዬ የሺ ፊት ቆሙ። ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ስለነበር ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸው ጀመር። «እህቴ» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ «የወንድምዎ ፊልም የጠፋው በእኔ እጅ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ የሺ ፊታቸውን አዞሩባቸው። አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ «እጁ ከድቶት ምን አስነካው!» ስትል ሰማሁ። ጋሽ ሸምሱ እጅ ነሱና ዞሩ። ሲያልፉ አዩኝ። ቁጣ የለም፣ ትዝብት የለም። የታመመ ሰው እንደሚያዩ ነው ያዩኝ። ያን ፊት እስክሞት አልረሳውም። ሰው ይህን ያህል መሸከም ይችላል እንዴ? ለማያውቀው ሰው ሐዘን፣ ለማትረባ እንደኔ ላለች ሰው ስም ብሎ የዕድሜ ልክ ሙያውን በሰው ፊት ይጥላል? ምን ዓይነት ልብ ነው? ስድስት ዓመት አስቤበት አሁንም ይገርመኛል። መነሳት ነበረብኝ። ሦስት እርምጃ ነበር የሚለየን። አልተነሳሁም።

ከዚያ በኋላ ፎቶ የሚያሳድስ፣ ፊልም የሚያሳጥብ ሰው እሳቸው ጋ መሄድ አቆመ። ጨለማ ክፍላቸውን ዘጉት፤ ዛሬ የልጃቸው ዕቃ ማስቀመጫ ነው። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ካሜራዋ ደህና ናት?» ይሉኛል። ደህና ናት እላለሁ።

ታዲያ ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እትዬ የሺ ጠሩኝ። «ያን ሽማግሌ ታውቂያቸው የለ? ሰው ይቅርታ ጠይቆኝ ፊቴን አዙሬ፣ በዚህ ሁኔታ እንዴት እጾማለሁ? እኔን ወንድሜ ያንን ሁሉ ይቅር ብሎኝ የለ? ሄደሽ ይቅር ብላዎታለች በይልኝ» አሉ። አሁን ትናገራለች ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል? እኔም ጠብቄ ነበር። «እሺ እትዬ» አልኩና ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ! ይቅርታውን ተሸክሜ ላላጠፋው ሰው አደረስኩ።

ጋሽ ሸምሱ ሰምተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ከብዶኝ ነበር፣ ልጄ። በጣም ከብዶኝ ነበር።»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሽ ሸምሱ እነ እትዬ የሺን ስለማያውቋቸው ቀሏቸው የተሸከሙት ይመስለኝ ነበር። ከብዷቸው ኖሯል! እኔ መድኃኒት እየሸጥኩ፣ በየበዓሉ ፎቶ እያነሳሁ፣ እሳቸው ሲከብዳቸው ኖሯል። ያን ጊዜም ቆሜ አየኋቸው እንጂ አፌን አልከፈትኩም።

ፈርቼ ነው አልልም። ልጅነት ነው አልልም፤ ሠላሳ አልፎኝ ነበር። ካሜራዋ ናት አልልም፤ ተነግሮኝ ነው የመረጥኳት። ይህን ጽሑፍ ሳልልክላችሁ በፊት ወደ ግድግዳው ማዶ ሄጄ ለእትዬ የሺ በአፌ እነግራቸዋለሁ። በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ቢያዞሩ በትክክለኛው ሰው ላይ ነው። ይቅርታችሁን አልጠይቅም፤ አንድ ይቅርታ ደርሶኝ ለሌላ ሰው አሳልፌ የሰጠሁ ነኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮልፌ ውስጥ ማንም ሰው «ሸምሱ እጁ ከድቶት የሰው ፊልም አበላሸ» ሲል ከሰማችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ያበላሸችው ማርታ ናት በሉት። ማርታ እኔ ነኝ።