የአጎቴ «ይደር»

ነገሩ የሦስታችን ነበር፤ የመካው አጎቴ፣ ባለቤቴ ዘይነብና እኔ። አጎቴ ምንም ነገር በዕለቱ አይወስኑም፤ ደርግ ቤታቸውን ሲወርስባቸው እንኳ «ይደር» ብለው ተኙ።

ጅዳ ያለው ሐኪም፣ አጎቴን የያዛቸው ካንሰር ወደ ሳንባቸው ቢዛመትም ቀስ ብሎ እንደሚያድግ ነገረን፤ መድኃኒት መጀመርም፣ በየሦስት ወሩ በራጅ እያዩ መጠበቅም ይቻላል አለ።

«ይደር» አሉ አጎቴ።

«ካንሰር ይደር አይባልም» አልኳቸው።

«ምነው፣ ነገ የሚያበቃ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ አስመሰልከውሳ!»

በራሴ አንብቤ ባገኘሁት እውቀት ኮርቼ መድኃኒቱን እንዲጀምሩ አስገደድኳቸው፤ ዘይነብ መጠበቁ ይሻላል ብታስብም ፈርታኝ አልተቃወመችም። በየቀኑ ከሰፈራቸው ከዛሂር እስከ ታላቁ መስጊድ፣ እስከ ሐረም ድረስ በእግራቸው ይመላለሱ የነበሩትን ሰው መድኃኒቱ አልጋ ላይ ጣላቸው፤ በአምስተኛው ወር ሞቱ።

ቢጠብቁ ይቆዩ ነበር አልልም፤ አላውቅም። በገዛ ሕመሙ ላይ ግን ታማሚው ይወስን። ችኮላዬ አጎቴን የሐረም መንገዳቸውን፣ ዘይነብን የሕሊና ዕረፍቷን፣ እኔን ደግሞ «ይደር» የሚለኝን ሰው አስከፈለን።